መስማት «ቆየ» የሚባለው መቼ ነው? የአንድ የቀዶ ሕክምና ስያሜ ታሪክ

መግቢያ

በአማርኛ «መስማት» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። «ደወሉን ሰማሁ» ሲባል ድምፅ ከጆሮ መድረሱን ይነግረናል። «ኦሮምኛ ይሰማል» ሲባል ግን ሰውየው ቋንቋውን እንደሚያውቅ፣ የተነገረውን እንደሚረዳ ነው የሚያስታውቀን። በዕለት ንግግር ይህ ድርብነት ማንንም አያስቸግርም፤ ዐውዱ ፍችውን ይለያል። ቃሉ የሕክምና ውጤት መለኪያ በሆነ ጊዜ ግን ሁለቱን ፍችዎች ለይቶ መያዝ ግድ ይሆናል።

ከመስማት ነርቭ አጠገብ የሚበቅለውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና የሚያወጡ ሐኪሞች ይህን ችግር በራሳቸው ቋንቋ አግኝተውታል። ከቀዶው በኋላ የበሽተኛው መስማት «ቆየ» ወይም «ጠፋ» ብለው ሲጽፉ ስለ ድምፅ ነው ወይስ ስለ ቃል የሚናገሩት? ጥያቄው መልስ ለማግኘት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ስያሜና የልኩን ታሪክ ባጭሩ አቅርቦ፣ ወደ አማርኛ ለሚመልሱት ተርጓሚዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ዕጢውና ስሞቹ

ስምንተኛው የራስ ነርቭ ከውስጥ ጆሮ ተነሥቶ በጠባብ የዐጥንት ቦይ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል። ነርቩ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የመስማት፣ ሁለተኛው የሰውነት ሚዛን ነው። በዚያው ቦይ ውስጥ የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ አብሮ ያልፋል። የምንነጋገርበት ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሚዛኑ ክፍል፣ ነርቩን እንደ ሽፋን ከሚያለብሱት ሕዋሳት ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም፤ አብዛኛውን ጊዜም በዝግታ ያድጋል። ሆኖም ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ጎረቤቶቹን ይጫናል። ከፍ ካለም የአንጎሉን ግንድ ተጭኖ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶቹ ዋናው በአንድ ጆሮ ብቻ የሚታይ የመስማት መቀነስ ነው።

ስለ ዕጢው መጀመሪያ የጻፈው የላይደኑ ሐኪም ኤድዋርድ ሳንዲፎርት ነው ይባላል። በ1777 በላቲን ባቀረበው ጽሑፍ፣ አስከሬን ሲመረምር ከመስማት ነርቭ ጋር የተጣበቀ ጠንካራ ትንሽ አካል ማግኘቱን ገልጿል። ይህ ገና ስያሜ ሳይሆን መግለጫ ነው፤ ያየውን ብቻ ይናገራል እንጂ ከየት እንደ በቀለ አይፈርድም። ከዚያ በኋላ የመጡት ስሞች ግን እያንዳንዳቸው አንድ የምንጭ አስተያየት የያዙ ናቸው። በ1803 የጄኔቫው ሉዊ ኦዲየ የነርቭ ዕጢዎችን በግሪክኛ ሥር ኒውሮማ አላቸው። በ1910 በፕራግ ይሠራ የነበረው ሆሴ ቬሮካይ፣ ዕጢው የሚሠራው ከነርቩ ክር ሳይሆን ከሸፋኙ መሆኑን ለማመልከት ኒውሪኖማ የሚል ስም አወጣ። በ1932 ፒየር ማሶን፣ የሸፋኞቹን ሕዋሳት በ1839 የገለጸውን ቴዎዶር ሽቫንን በማሰብ ሽቫኖማ አለው። በ1935 ደግሞ አርተር ስታውት ኒውሪለሞማ የሚለውን አቀረበ።

በሐኪሞች አፍ የጸናው ግን «አኩስቲክ ኒውሮማ» የሚለው ነው። ስያሜው ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው ማለት ይቻላል፤ ዕጢው በአብዛኛው ከመስማት ነርቭ አይነሣም፣ የነርቩ ክርም ዕጢ አይደለም። በታኅሣሥ 1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የስምምነት ጉባኤ «ቬስቲቡላር ሽቫኖማ»፣ ማለትም የሚዛን ነርቭ ሽቫኖማ የሚለውን መረጠ። ይሁን እንጂ አንድ ጉባኤ የወሰነው ስም የቆየውን ስም ወዲያው አያስወጣም። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣውና ወደ ፊት የምንመለከተው መመሪያ በርእሱ ላይ ሁለቱንም ስሞች ይዞ መታተሙ ለዚህ ምስክር ነው።

2. ከነፍስ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ መስማት

መስማትን ማቆየት የቀዶው ዓላማ ሆኖ የተነሣው ከሁሉ በኋላ ነው። በመጀመሪያ የሚፈለገው በሽተኛው ከጠረጴዛው ላይ በሕይወት እንዲነሣ ብቻ ነበር። በ1895 በኤዲንብራ ቶማስ አናንዴል ከአንዲት ወጣት ሴት ዕጢውን አውጥቶ ሴትዮዋ በሕይወት ተርፋለች። ይህ ግን የተለመደ ውጤት አልነበረም። በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዝነኛ በሆኑት የአውሮፓ ሐኪሞች እጅ እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት በሽተኞች ይሞቱ ነበር።

ሃርቬይ ኩሺንግ በ1917 ስለ መስማት ነርቭ ዕጢዎች ያሳተመው መጽሐፍ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። የኩሺንግ ዘዴ የዕጢውን ውስጥ ጠርጎ ሽፋኑን መተው ነበር፤ በዚህም የሟቾቹን ቍጥር ወደ 20 ከመቶ ገደማ አወረደው። የተተወው ዕጢ ግን መልሶ ያድግ ነበር። ዋልተር ዳንዲ በ1925 ዕጢውን ከነሽፋኑ ሙሉ በሙሉ የሚያወጣበትን ዘዴ አስታወቀ። ዋጋው የፊት ነርቭ ነበር፤ በሽተኛው ነፍሱን አትርፎ ግማሽ ፊቱ ሽባ ይሆናል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ዊልያም ሀውስ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕን ለዚህ ሥራ አዋለው፤ ውጤቱንም በ1964 በሰፊው አሳተመ። ሀውስ ሁለት መንገዶችን አስፋፍቷል። አንደኛው በውስጥ ጆሮው በኩል ሰርስሮ የሚገባ ነው፤ የፊትን ነርቭ አስቀድሞ ለማየት ይረዳል፣ በዚያ ጆሮ የቀረውን መስማት ግን ያጠፋል። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ፣ ከአንጎሉ ሥር የሚገባ ሲሆን የውስጥ ጆሮውን ሳይነካ ያልፋል። ቀድሞ የነበረው ከጆሮ በስተኋላ የሚገባው ሦስተኛ መንገድም በማይክሮስኮፕ ሲሠራ መስማትን ሊያቆይ የሚችል ሆነ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የመንገዱ ምርጫ «በዚህ ጆሮ ሊቆይ የሚገባው መስማት አለ ወይስ የለም?» በሚለው ጥያቄ ላይ የሚቆም ሆነ። ስለዚህ መስማትን መለካት ከቀዶው በኋላ ውጤትን ለመመዝገብ ብቻ ሳይሆን ከቀዶው በፊት መንገድን ለመወሰንም ያስፈልጋል።

ሁለት ሌሎች ነገሮች ጥያቄውን አጠነከሩት። በ1969 በስቶክሆልም ላርሽ ሌክሴል ዕጢውን ሳይቀድ በጨረር ማከም ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በመግነጢስ የሚሠራው የምስል መሣሪያ በደም ሥር ከሚሰጥ ማቅለሚያ ጋር ሲጣመር ጥቃቅን ዕጢዎችን ገና በሽተኛው በደህና እየሰማ ሳለ ማሳየት ቻለ። እንግዲህ ቀዶ፣ ጨረርና ዕጢውን እየተከታተሉ መጠበቅ በመስማት ረገድ መወዳደር ነበረባቸው። ለውድድር ደግሞ የጋራ ልክ ያስፈልጋል።

3. ሁለቱ ሚዛኖች

በ1922 ኤድመንድ ፋውለርና ዌግል በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስማት መለኪያ ለሕክምና አቀረቡ። መሣሪያው ልዩ ልዩ ንጹሕ ቃናዎችን እያሰማ፣ በሽተኛው እያንዳንዱን ቃና መስማት የሚጀምርበትን ዝቅተኛ ኃይል ይመዘግባል። ልኩ በዴሲቤል ይነገራል። ዜሮ ማለት ጤናማ የወጣት ጆሮ ለመስማት የሚጀምርበት መጠን ነው፤ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን መስማቱ ደካማ ነው።

ቃና መስማት ግን ንግግርን መለየት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመገናኛ መሣሪያዎችን ለመፈተን በሃርቫርድ የድምፅ ሥነ ልቡና ላቦራቶሪ የቃላት ዝርዝሮች ተዘጋጁ፤ በ1948ም ጄምስ ኢገን አሳተማቸው። እያንዳንዱ ዝርዝር 50 ባለ አንድ ክፍለ ቃል የእንግሊዝኛ ቃላት የያዘ ነው። የድምፆቹም ድርሻ በዕለት ንግግር ውስጥ ካላቸው ድርሻ ጋር እንዲመጣጠን ተሞክሯል። በ1952 በሴንት ሉዊስ አይራ ሂርሽና ባልደረቦቹ ዝርዝሮቹን ይበልጥ በታወቁ ቃላት አሻሽለው በድምፅ መቅጃ ላይ አወጧቸው። ተፈታኙ የሰማውን ቃል ይደግማል፤ በትክክል የደገማቸው ቃላት በመቶኛ ይቈጠራሉ። በዚህ ሚዛን ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን መስማቱ መልካም ነው።

ሁለቱ ሚዛኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ መሆናቸውን ተርጓሚ ልብ ሊለው ይገባል። «መስማቱ ከ30 ወደ 50 ከፍ አለ» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንደኛው ሚዛን መጥፎ፣ በሁለተኛው መልካም ዜና ነው። ከዚህም በላይ በዚህ በሽታ ሁለቱ ሚዛኖች ሊራራቁ ይችላሉ። ጉዳቱ ያለው በነርቩ ላይ ስለ ሆነ፣ ቃናን በደህና የሚሰማ ሰው ቃላትን ለመለየት እጅግ ሊቸገር ይችላል። በአማርኛው አነጋገር፣ ይሰማል ግን አይሰማም።

4. «ለአገልግሎት የሚበቃ መስማት»

በ1980ዎቹ በመጽሔቶች ይወጡ የነበሩ ሪፖርቶች «መስማት ቆይቷል» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አልነበረም። ለአንዱ ጸሐፊ በመሣሪያው ላይ ማንኛውም ምልክት ከታየ መስማት ቆይቷል። ለሌላው ጆሮው በዕለት ኑሮ ካልጠቀመ መስማት አልቆየም። ይህንን ለማስታረቅ በብዙዎች የተወሰደው «የ50/50 ሕግ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም የቃናው አማካይ ከ50 ዴሲቤል ያልበለጠ፣ የቃላቱም ውጤት ከ50 በመቶ ያላነሰ ከሆነ ጆሮው ለአገልግሎት ይበቃል የሚል ነው።

በ1988 ጋርድነርና ሮበርትሰን ከእነርሱ በፊት የነበረ ምደባ አሻሽለው አምስት ደረጃዎችን አቀረቡ። አንደኛው ደረጃ እስከ 30 ዴሲቤልና ከ70 በመቶ ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከ31 እስከ 50 ዴሲቤልና ከ50 እስከ 69 በመቶ፣ ሦስተኛው ከ51 እስከ 90 ዴሲቤልና ከ5 እስከ 49 በመቶ ነው። አራተኛው እጅግ ጥቂት የቀረበት፣ አምስተኛውም ምንም የሌለበት ነው። ለአገልግሎት የሚበቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

በ1995 የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ የመስማትና የሚዛን ኮሚቴ አራት ክፍሎች ያሉት መመሪያ አወጣ። ክፍል ሀ እስከ 30 ዴሲቤልና 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ክፍል ለ ከ30 በላይ እስከ 50 ዴሲቤልና 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ክፍል ሐ ከ50 ዴሲቤል በላይ ሆኖ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የዴሲቤሉ መጠን ምንም ይሁን ምን ከ50 በመቶ በታች የሆነ ሁሉ ክፍል መ ነው። የቃናው አማካይ በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ3000 ሄርትዝ እንዲወሰድም ተደነገገ። ከሁለቱ መለኪያዎች የመጨረሻውን ቃል ለቃላቱ ውጤት መስጠቱ የዚህ መመሪያ ልዩ ጠባይ ነው።

ልኩ ስምምነትን ቢያመጣም የድንበርን ችግር አላስወገደም። ለምሳሌ ያህል ሦስት በሽተኞችን እናስብ። የመጀመሪያው ከቀዶው በፊት 25 ዴሲቤልና 92 በመቶ፣ ከቀዶው በኋላ 48 ዴሲቤልና 54 በመቶ ሆነ። ሁለተኛው ከ46 ዴሲቤልና 58 በመቶ ወደ 52 ዴሲቤልና 56 በመቶ ሄደ። ሦስተኛው ከ20 ዴሲቤልና 96 በመቶ ወደ 85 ዴሲቤልና 8 በመቶ ወደቀ። በ50/50 ሕግ የመጀመሪያው መስማቱ ቆይቶለታል፤ ሁለተኛው ግን ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ደርሶበት ሳለ ድንበሩን በ2 ዴሲቤል በማለፉ «ጠፋ» ከሚባሉት ይመደባል። ሦስተኛው ደግሞ ንግግርን ፈጽሞ ከማይለይ ጆሮ ጋር ቢቀርም፣ «የሚለካ መስማት» በሚቈጥሩ ሪፖርቶች «ቆየ» ከሚባሉት ይገባል።

የመቶኛው አካፋይም እንዲሁ ነው። ከ100 በሽተኞች 40ዎቹ ከቀዶው በፊት ለአገልግሎት የሚበቃ መስማት ኖሯቸው 20ዎቹ ይዘውት ቢወጡ፣ ውጤቱ ከሁሉም ሲታሰብ 20 በመቶ፣ ከሚመለከታቸው ሲታሰብ 50 በመቶ ነው። ሁለቱም ቍጥሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ውሳኔ ለሚጠብቅ በሽተኛ የሚሰጡት ተስፋ እኩል አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ኋላ የመጡት ጥረቶች ከክፍል ስሞች ወደ ቍጥሮቹ እየተመለሱ መጡ። በ2001 በቶኪዮ የተሰበሰቡ ሐኪሞች በ2003 ባሳተሙት ስምምነት የዕጢውን መጠንና የመስማቱን ውጤት አዘጋገብ አሻሻሉ። በ2012 ደግሞ የአሜሪካው ኮሚቴ የእያንዳንዱ በሽተኛ ውጤት በሁለቱ ሚዛኖች መካከል እንደ አንድ ነጥብ ተሥሎ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረበ። አንባቢው ድንበሩን ብቻ ሳይሆን ነጥቡ ከድንበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ያያል።

5. ለአማርኛ ተርጓሚ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች እናቀርባለን።

ሀ) ስለ ዕጢው ስም። «ዕጢ» በአማርኛ ለተፈጥሮ ዕጢም ለበሽታ ዕጢም ይውላል፤ በዚህ ዐውድ ግን አያሳስትም። «ነቀርሳ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በሽተኛው ያልያዘውን በሽታ ይሰጠዋል። «የመስማት ነርቭ ዕጢ» የቆየውን ስም፣ «የሚዛን ነርቭ ሽቫኖማ» አዲሱን ይተረጕማሉ። በመዝገበ ቃላት ሁለቱም ገብተው አንዱ ወደ ሌላው ቢመራ መልካም ነው።

ለ) ስለ ግሡ። «መስማትን ማዳን» ከበሽታ መፈወስን ያሰማል፤ ቀዶው ግን የተቀነሰውን አይመልስም። «መጠበቅ» ጠባቂን እንጂ ውጤትን አይናገርም፤ በዚያም ላይ ዕጢውን እየተከታተሉ ከመጠበቅ ጋር ይምታታል። «ማትረፍ» ከአደጋ የቀረን ነገር ስለሚያመለክት ከእውነቱ አይርቅም፤ ሆኖም ጥቂት ቅሪትም ቢሆን «ተረፈ» ይባላል። «ማቆየት» ቀድሞ የነበረውን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ መዝለቅን ያሳያል። ከቀዶው በኋላ የቆየው መስማት ከዓመታት በኋላ ሊቀንስ ስለሚችል ይህ ግሥ ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን ብቻውን መቆም የለበትም፤ «ለአገልግሎት የሚበቃ» ወይም «የሚለካ» የሚል ቅጽል ሊቀድመው ይገባል።

ሐ) ስለ ስሙ። «መስማት» ሁለቱን ሚዛኖች ጠቅልሎ ሲይዝ ይቀመጥ፤ ሲለያዩ ግን «ቃና መስማት» እና «ቃል መለየት» ቢባል ግልጽ ይሆናል።

መ) ስለ ቃላት ዝርዝር። የቃላት ዝርዝር ሊተረጐም አይችልም፤ በየቋንቋው እንደ አዲስ ይሠራል እንጂ። በአማርኛ «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንድ ፈንጂ ድምፅ ነው፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ቀዳሚ ማለት ነው። እነዚህን የማይፈትን ዝርዝር የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሸከመውን ሥራ አይለካም።

የዚህ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት ከሀገር ውጭ በሚኖሩ ወገኖች ዘንድ ይበልጥ ይታያል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምትኖር አንዲት እናት በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ዝርዝር ብትፈተንና ከቃላቱ 45 በመቶ ብትደግም፣ በ1995ቱ መመሪያ ክፍል መ ውስጥ ትገባለች። ቍጥሩ ግን ጆሮዋንና የቋንቋ እውቀቷን ደባልቆ የያዘ ነው። ጆሮዋ ለአገልግሎት የማይበቃ ነው ከተባለ፣ መስማቷን የሚያጠፋው መንገድ ያለ ብዙ ክርክር ሊመረጥ ይችላል። በመካከል የሚቆመው አስተርጓሚ «እንግሊዝኛ አትሰማም» እና «አትሰማም» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ለሐኪሙ አጥርቶ መናገር፣ ፈተናውም በየትኛው ቋንቋ እንደ ተሰጠ ከውጤቱ ጋር እንዲመዘገብ መጠየቅ አለበት።

ማጠቃለያ

ሐኪሞቹ አንዱን ቃል በሁለት ሚዛን ለመክፈል፣ ከፍለውም ድንበር ለመስጠት፣ ድንበሩንም እንደ ገና ለመመርመር ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ደክመዋል። የእነርሱን ሪፖርት የሚተረጕም ሰው ይህን የተለየ ነገር መልሶ መደባለቅ የለበትም። «መስማቱ ቆየ» ከማለት በፊት በየትኛው ሚዛን፣ በየትኛው ድንበር፣ ከስንት ሰዎች መካከል፣ ለስንት ጊዜና በየትኛው ቋንቋ ተፈትኖ የሚሉትን አምስት ጥያቄዎች ምንጩን ይጠይቅ። ምንጩ የሚመልሳቸውን በአማርኛው ውስጥ ያስገባ፤ የማይመልሳቸውንም በራሱ ቃል ሞልቶ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ።